ትልቅ ሉል ስትገዙ ሚሊ ሜትሩን ሳይሆን ብርሃኑን እዩ

መሳቢያዬ ውስጥ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች አንዲት ትልቅ የጌጥ ሉል አለች። 15 ሚሊ ሜትር ትሞላለች። ድብልብል ያለች ክብ ናት። ፊቷ ግን ደብዛዛ ነው፤ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ትመስላለች። በመጀመሪያው ጉዞዬ በትልቅነቷ ተማርኬ የገዛኋት እሷን ነው። ዛሬ ሰው "ሉል ልገዛ ነው፣ እስቲ ምከሪኝ" ሲለኝ እሷን አወጣና ጠረጴዛ ላይ አኖራታለሁ። አጠገቧ 12 ሚሊ ሜትር የምትሆን ሐምራዊ ሉል አስቀምጣለሁ። "አንዷን ብቻ ውሰድ ብትባል የትኛዋን ትወስዳለህ?" እለዋለሁ። እስካሁን ትልቋን ያነሳ ሰው የለም። እኔ ግን ያኔ እንደ ሐምራዊዋ ያሉትን አልፌ ለትልቋ ሦስት እጥፍ ከፍያለሁ።

ይህን የምጽፈው ለንግድ ወደ ቻይና የምትመላለሱ፣ ወይም ከውጭ ዘመድ አስልካችሁ ትልቅ ሉል ለመግዛት የምታስቡ ሰዎች እኔ የከፈልኩትን ደግማችሁ እንዳትከፍሉ ነው።

ሉል የምለው በየወርቅ ቤቱ ፐርል የሚባለውን ነው። ዕንቁ ብንለውም ያስኬዳል። ግን ዕንቁ ሲባል የደላንታው ኦፓልም፣ ኤመራልዱም ይገባበታል። ሉሊት የሚለው የሴት ስምም ከዚሁ ከሉል የመጣ ነው። ሉል ከባሕር ይወጣል፤ ከሐይቅ፣ ከወንዝና ከኩሬም ይወጣል። ይህን ሁለተኛውን ነጋዴዎቹ ፍሬሽ ዋተር ይሉታል። እኔ የማውቀውም የምወደውም እሱን ነው። የባሕሩ ትልቅ ሉል ዋጋው ሌላ ዓለም ነው።

ሥራዬ የሴቶች ጌጣጌጥ ነው። ለዓመታት ቻይና፣ ዪዉ ከተማ እየሄድኩ የጸጉር ማስያዣ፣ አርቲፊሻል ሐብልና የጆሮ ጌጥ አመጣ ነበር። ዪዉን የማያውቅ የመርካቶ ጌጣጌጥ ነጋዴ ያለ አይመስለኝም። ከዪዉ በፈጣን ባቡር ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ የምትደረስ ዡጂ የምትባል ከተማ እንዳለች ግን የነገረኝ አልነበረም። ከዡጂ ወጣ ብሎ ደግሞ ሻንሺያሁ የሚባል ቦታ አለ። የቻይና የሐይቅ ሉል ንግድ እምብርቱ እዚያ ነው። ፎቅ በፎቅ የሆነ ግዙፍ ገበያ ቆሟል። ሱቁ ሁሉ ሉል ነው። በጆንያ የሚሸጥ አለ፣ በክር ተሰክቶ እንደ ሽንኩርት ጉንጉን የተንጠለጠለ አለ፣ አንድ በአንድ በጥቁር ሳጥን የተቀመጠ አለ። ትንንሹ በክብደት ነው የሚሸጠው። መለኪያቸው ጂን ይባላል፤ ግማሽ ኪሎ ማለት ነው። ትልልቁ ግን በፍሬ ይጠራል።

መጀመሪያ ቀን አንዲት ሻጭ ሰፊ ሳፋ ፊት ለፊቷ አድርጋ ተቀምጣ አየኋት። ሳፋው ውስጥ ዛጎሎች አሉ። አንዱን አነሳች፤ ሁለት መዳፍ ያህላል። ቢላዋዋን በስንጥቁ አስገብታ ጠመዘዘችው። ዛጎሉ እንደ መጽሐፍ ተከፈተ። ውስጡ ወደ ቢጫ የሚያደላ ለስላሳ ሥጋ ነው። ጠርዙን በአውራ ጣቷ ጫን ስትለው ከሥሩ ጉብ ጉብ ያሉ ነገሮች ታዩኝ። እንደ አተር እሸት እየፈለቀቀች ታወጣቸው ጀመር። እኔ እቆጥራለሁ። ከ30 አለፉ። ከአንድ ዛጎል! ሁሉም ግን ትንንሽ ነበሩ፤ 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ቢሆኑ ነው።

ትልቁ ለምን ውድ እንደሆነ የገባኝ ይህን ካየሁ በኋላ ነው። ትንሹን ለማግኘት ከሌላ ዛጎል የተቆረጠች ቅንጣት ሥጋ በእንስሳዋ ጠርዝ ላይ ይሰካል። እንስሳዋ ያችን ቅንጣት በስስ ሽፋን ላይ ስስ ሽፋን እየደረበች ታሳድጋታለች። ስለዚህ ትንሹ ሉል ውስጡ ዶቃ የለውም፤ እስከ መሃሉ ሉል ነው። ለትልቁ ክብ ሉል ግን ከዛጎል የተጠረበ ዶቃ በሰውነቷ ውስጥ ይቀበራል። ያኔ ሠላሳና አርባ መሆኑ ይቀራል። አንዷ ዛጎል አንድ ወይም ጥቂት ብቻ ትይዛለች፤ እሱንም ዓመታት ጠብቀው ነው የሚያወጡት። ከመጣውም ሁሉም ክብ አይሆንም። ግማሹ ይጣመማል፣ ግማሹ ላዩ ይጎደጉዳል፣ ግማሹ ጭራ ያወጣል። ጭራ ያወጣውን ፋየርቦል ይሉታል። እኔ በበኩሌ ከብዙ ክብ ሉል ይልቅ አንድ ጥሩ ፋየርቦል ይማርከኛል።

ገበያ ላይ ለትልቁ ባለ ዶቃ ሉል ብዙ ጊዜ የምትሰሙት ስም ኤዲሰን ነው። ከአምፖል ጋር የምናያይዘው የቶማስ ኤዲሰን ስም ነው። በ1927 እ.ኤ.አ. ጃፓናዊው የሉል አርቢ ሚኪሞቶ አሜሪካ ሄዶ ሲያገኘው፣ ኤዲሰን በላቦራቶሪዬ ልሠራቸው ያልቻልኳቸው ነገሮች ሁለት ናቸው፣ አልማዝና ሉል፣ ብሎት እንደነበር ይነገራል። ቻይናዎቹ ስሙን ለትልቁ ሉል ሰጡት። ዛሬ ግን ስሙን ማንም ስለሚጠቀምበት "ኤዲሰን ነው" ስትባሉ ጥራት ተነገራችሁ ማለት አይደለም። የኔዋ ደብዛዛም ኤዲሰን ተብላ ነው የተሸጠችልኝ። "ቢዋ" የሚለውም እንደዚሁ ነው። ቢዋ በጃፓን ያለ ሐይቅ ነው፤ አንድ ዘመን በሉሉ ዓለም ያወቀው። አሁን በዚያ ስም የሚቀርብላችሁ እንደ እንጨት ስንጥር ረዘም ረዘም ያለ ሉል ከሞላ ጎደል ቻይና ውስጥ የተመረተ ነው። መጥፎ ነው አልልም። ለስሙ ብላችሁ ግን አትክፈሉ።

ስለ መጠን አንድ ሒሳብ ላሳያችሁ። ከ7 ወደ 14 ሚሊ ሜትር ስትሄዱ እጥፍ ይመስላል። ክብ ነገር ግን ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ይዘቱ ስምንት እጥፍ ነው። ለዚህ ነው ከ12 በላይ እያንዳንዷ ሚሊ ሜትር ዋጋውን የምታስፈነጥረው። ከ13 ወደ 14 ለመዝለል የሚጠየቀው ጭማሪ ከ8 ወደ 9 ከሚጠየቀው ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ካሊፐር፣ ውፍረት የሚለካውን መሣሪያ፣ ያዙ። ትንሽ፣ ዲጂታል፣ ኪስ የምትገባ። ሻጭ "14" ሲል ብዙ ጊዜ 13 ነጥብ 3 ነው የማገኘው። በተለያየ ጎኑ ለኩት፤ ክብ የሚመስለው ሁሉ ክብ አይደለም። እኔ ደግሞ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አንከባልለዋለሁ። እየተወላገደ ከሄደ ዓይኔ ያላየውን ጠረጴዛው ነገረኝ ማለት ነው።

ከካሊፐሩ በላይ የሚያስፈልጋችሁ ግን መስኮት ነው። ይህን ከልቤ ነው የምለው። በየሱቁ ጠረጴዛ ላይ ኃይለኛ መብራት ተንጠልጥሏል። በዚያ መብራት ሥር የማያበራ ሉል የለም፤ የኔዋ ኖራ እንኳ አብርታ ነበር። አሁን የመረጥኩትን በነጭ ጨርቅ ላይ አድርጌ፣ ሻጯን አስፈቅጄ፣ ወደ መስኮት ወይም ወደ በር እሄዳለሁ። ከዚያ ሉሉ ፊት ላይ የመስኮቱን ፍሬም እፈልጋለሁ። የፍሬሙ ጠርዝ ቀጥ ብሎ፣ ጥርት ብሎ ከታየኝ ብርሃኑ ጥሩ ነው። በጣም ምርጡ ላይ የራሴን ፊት ሳይቀር አያለሁ። ጠርዙ እንደ ጭጋግ ከተበተነብኝ፣ 16 ሚሊ ሜትርም ቢሆን እመልሰዋለሁ። ላይ ላዩ ትንሽ ነጥብ ወይም ጭረት ቢኖረው ግን አልጨነቅም። ነጥቡ በሚበሳው በኩል ከሆነ ጌጡ ሲሠራ ይደበቃል፤ ለዋጋ መከራከሪያም ይሆነኛል። የጠፋ ብርሃን ግን በምንም አይመለስም።

ኤኤኤ፣ ኤኤ የሚባለውን ደረጃ አትመኑት። ሁሉም ሱቅ የሚስማማበት አንድ መለኪያ የለም። የአንዱ ሱቅ ኤኤኤ የሌላው ኤ ነው። የአሜሪካው ጂአይኤ የሚባለው የዕንቁዎች ተቋም ሉልን የሚመዝንባቸው ሰባት ነገሮች አሉት፦ መጠን፣ ቅርጽ፣ ቀለም፣ ብርሃን፣ የላይ ገጽታ፣ የሽፋኑ ጥራት፣ እና ብዙ ከሆኑ እርስ በርስ መመሳሰላቸው። እኔ እነዚህን በልቤ ይዤ ነው የምዞረው። ከሁሉም ግን ብርሃን ይቀድምብኛል።

ቀለም ላይም ጉድ አለ። የሐይቅ ሉል በተፈጥሮው ነጭ፣ ኮክ የመሰለ፣ ሮዝ እና ሐምራዊ ነው የሚመጣው። ከሐምራዊውም እንደ ብረት የሚያንጸባርቅ፣ ስታዞሩት አረንጓዴና ወርቅማ ጥላ የሚረጭ አለ። እሱን ያየ ሰው ሌላ አያምረውም። ጥቁር የሐይቅ ሉል ካያችሁ ግን ቀለም የተነከረ ነው። በተፈጥሮው ጥቁር የሚሆነው እንደ ታሂቲ ያለው የባሕር ሉል ነው። የተነከረ መሸጡ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ በተፈጥሮ ዋጋ መሸጡ ነው ጥፋቱ። ቀዳዳ ካለው የቀዳዳውን አፍ በአጉሊ መነጽር እዩት። ቀለም እዚያ ይጠራቀማል። አርቲፊሻል ከሆነ ደግሞ ሽፋኑ እዚያው እንደ ጥፍር ቀለም ሲቀረፍ ታያላችሁ። "ሼል ፐርል" የሚባለው ነገር ብዙ ሰው አሳስቷል። ስሙ እውነተኛ ይመስላል፤ ግን ከዛጎል የተጠረበ ኳስ ላይ ቀለም የተለበጠበት ነው። በጣም ትልቅ፣ በጣም ክብ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ዋጋው ርካሽ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። ሁለት ሉሎችን ቀስ አድርጋችሁ እርስ በርስ ብታሹ፣ ወይም በጥርሳችሁ ጠርዝ ብትነኩ፣ እውነተኛው ደቃቅ አሸዋ ያለበት ያህል ይሻክራል። አርቲፊሻሉ ይንሸራተታል። ይህ ግን እውነተኛነቱን እንጂ ጥራቱን አይነግራችሁም።

ሌላው የማልለየው ዕቃ የኪስ ሚዛን ነው። ክብ 12 ሚሊ ሜትር ሉል ወደ 2 ግራም ተኩል፣ 14 ሚሊ ሜትር ደግሞ ወደ 4 ግራም ሊመዝን ይገባል። ፕላስቲክ ግማሹን አይሞላም። ቅርጹ የተጣመመ ትልቅ ሉል በጣም ከቀለለባችሁ ደግሞ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል። ሱፍሌ የሚባለው ዓይነት እንዲህ ነው። ዶቃ በመቅበር ፈንታ ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ጭቃ መሰል ነገር ያስገባሉ፤ ሉሉ አብሮት ያብጣል። አንዴ ያልተበሳ ገዝቼ እዚያው ገበያ ሉል ለሚበሱ ሠራተኞች ሰጠሁት። መብሻው ሲያልፍ ጥቁር ውሃ ጠብ ጠብ አለ። ሽታው ሱቁን ሞላው፤ ረግረግ ውስጥ የከረመ ቅጠል ይሸታል። ሠራተኛው ምንም ሳይመስለው አጥቦ መለሰልኝ። ሉሉ ከጸዳ በኋላ ለጆሮ ጌጥ ተስማሚ ነው። ትልቅ ሆኖ ጆሮ አይጎትትም። ሳታውቁ ግን በሙሉ ሉል ዋጋ እንዳትገዙት።

ዋጋ ላይ አትቸኩሉ። ካልኩሌተር ይሰጧችኋል፣ ቁጥር ትጽፋላችሁ፣ እነሱ አጥፍተው ሌላ ይጽፋሉ። እኔ አንዱ ሱቅ ላይ የመረጥኩትን ፎቶ አንስቼ፣ ሦስት አራት ሱቅ አይቼ፣ ነው የምመለሰው። አንድ ጊዜ የመረጥኳቸውን አሥር ፍሬዎች "ላሽግልሽ" ብላ የወሰደች ሻጭ ሁለቱን ለውጣብኝ ሆቴል ገብቼ ነው ያወቅሁት። አንዱን በሌላ መተካት ቀላል ነው፤ ሉል ስም አልተጻፈበትም። ከዚያ ወዲህ ፊቴ እንዲመዘን፣ ፊቴ እንዲታሸግ፣ ደረሰኙ ላይ የፍሬው ቁጥርና ክብደቱ እንዲጻፍ አደርጋለሁ። አይከፋቸውም። እንዲያውም ሥራውን የምታውቅ ሰው መጣች ብለው የደበቁትን ሳጥን ያወጡልኛል።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። የእናቴ ጓደኛ የነበሩ እትዬ የምላቸው ሴት ለልጃቸው ሠርግ የአንገት ሐብል አሠሪልኝ አሉኝ። ካለኝ ሁሉ ምርጧን ሰጠኋቸው። 14 ሚሊ ሜትር፣ ኮክ የመሰለች፣ ፊት የምታሳይ። አዲስ አበባ ውስጥ ወዳለ አንድ ወርቅ ቤት ወሰድናት። ሥራው አለቀ ተባለ። ሄደን ሳየው የማንጠልጠያዋ ቀለበት ትንሽ ጠባ ስለነበር ሌላ እንዲበየድ ጠየቅን። እኔ ሉሏን አውጥተው ይበይዳሉ ብዬ አሰብኩ። እነሱም ሉልን እንደ ሌላ ድንጋይ ቆጠሩት። ከነሉሏ እሳት ለቀቁባት። በማግስቱ ስንመጣ ሉሏ እንደ ተጠበሰ ዳቦ ቡናማ ሆናለች። ከቀዳዳዋ ጀምሮ ስንጥቅ ወርዶባታል። እትዬ መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። "ልጄ፣ ምን አገኛት?" ነው ያሉት። መልስ አልነበረኝም። ሠራተኛውን መውቀስ ቀላል ነው። ነገር ግን መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ወርቅ እንጂ ሉል በእጁ ብዙም አይገባም።

ከእኛ በፊትም እሳት ብዙ ሉል በልቷል። በ1857 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኒው ጀርዚ፣ ፓተርሰን አካባቢ፣ አንድ ጫማ ሠሪ ከጅረት ዛጎል ለቅሞ ለምግብ አበሰለ። ሲበላ ጥርሱን የነካው ወደ 400 ግሬን የሚጠጋ ሉል ነበር ተብሎ ይተረካል፤ 20 ግራም ማለት ነው። ቅባቱና ሙቀቱ ግን አበላሽቶታል። ወሬው ሲሰማ የአገሩ ሰው ወንዝ ወረደ። በዚያው ዓመት ሌላ ሰው 93 ግሬን የምትመዝን ሮዝ ሉል አገኘ። የኒው ዮርኩ ጌጣጌጥ ቤት ቲፋኒ በ1,500 ዶላር ገዛት፤ በኋላ የፈረንሳይዋ እቴጌ ዩዤኒ እጅ ገባች። 93 ግሬን በዛሬ መለኪያ 15 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ክብ ሉል ክብደት ነው። ያውም ማንም ዶቃ ሳይቀብርላት፣ ወንዙ ብቻውን የሠራት።

ስለዚህ ለወርቅ ሠሪያችሁ ይህን በቃልም በወረቀትም ንገሩት። ብየዳው፣ ቀለም ማስያዙ፣ መወልወሉ ሁሉ መጀመሪያ ያልቃል። ሉሉ የሚገባው በመጨረሻ ነው። ቀዳዳው እስከ መሃል ይበሳል፤ ከወርቁ የወጣች ቀጭን እንጨት መሰል ዘንግ እዚያ ትገባና በኤፖክሲ ማጣበቂያ ትያያዛለች። እሳት የለም። መብሻው በዝግታ ይሂድ፣ በውሃ ይቀዝቅዝ፤ የሚበሳውም ሰው ብናኙን እንዳይስበው አፍንጫውን ይሸፍን። አሲድ ውስጥ አይነከር። ሉል ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ሎሚና ኮምጣጤ እንኳ ይበላዋል። በድምፅ የሚያጥበው ማሽን ውስጥም አይግባ። እኔ የምሠራበት ወርቅ ሠሪ አሁን ሉሉን ከእጄ የሚቀበለው ሥራው አልቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ቤት ውስጥም ብዙ አያስቸግርም። ሽቶውን፣ ቅባቱን፣ የጸጉር ስፕሬዩን ጨርሳችሁ በመጨረሻ አድርጉት፤ ስትገቡ መጀመሪያ አውልቁት። ጸጉራችሁን ቅቤ በተቀባችሁበት ቀን፣ ወይባ ጢስ በምትገቡበት ቀን ይቅር። ካወለቃችሁ በኋላ በውሃ ነካ ባደረጋችሁት ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። ከወርቅና ከአልማዝ ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ አታስቀምጡት፤ ይቧጥጡታል። ላስቲክ ውስጥም አታፍኑት።

ሰሞኑን ብዙ ሰው በቲክቶክ ላይቭ ዛጎል ሲከፈት እያየ ይገዛል። በጣሳ ታሽጎ የሚመጣም አለ፤ ከፍታችሁ ዕድላችሁን ታያላችሁ። ሉሉ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ግን በዚያ ዛጎል ውስጥ ያደገ ላይሆን ይችላል፤ ደማቅ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ከወጣ ደግሞ ተነክሮ ተመልሶ የገባ ነው። ለልጆች ደስታ ከሆነ ይሁን። ትልቅ ሉል ግን እንዲህ አይገዛም።

አሁን እጄ ላይ አንዲት የጠብታ ቅርጽ ያላት ሐምራዊ አለች፤ 13 ነጥብ 5 ሚሊ ሜትር። የጆሮ ጌጥ እንድትሆን እህት እየፈለግሁላት ሦስት ጉዞ አልፏል። መጠኑ ሲገጥም ቀለሙ ይቀላል፣ ቀለሙ ሲገጥም ጫፉ ይሾላል። ባለፈው ሳምንት አንዷ ሻጭ "አገኘሁልሽ" ብላ በዊቻት ፎቶ ላከችልኝ። ፎቶው ላይ መንትያ ይመስላሉ። ገንዘቡን አልላክሁም። ሐምራዊዋን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ካሊፐሩንና ሚዛኑን ይዤ በሚቀጥለው ጉዞዬ እወስዳታለሁ። መስኮቱ ጋ ጎን ለጎን አስቀምጬ አያቸዋለሁ።